እናቴን ሰባተኛ ፎቅ ላይ ስላስቀረው መስመር

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ማኅበር የድረ ገጽ ኃላፊ፣
የገጾቻችን ጠባቂ፣ ቀለም ቀቢና አስጌጭ፣
አንደኛ ፎቅ፣ ከደረጃው ፊት ለፊት ባለው በር፣

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይ ደግሞ ለዓይንዎ ያለኝን መልካም ምኞት አቀርባለሁ። ዓይንዎን ለይቼ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በነጭ ገጽ ላይ በቢጫ ቀለም የጻፉትን የውሃ ማስታወቂያ ማንበብ የቻለ ሰው በሕንፃችን እስካሁን ስላልተገኘ፣ ቢያንስ ጸሐፊው ራሱ ሳያነበው አይቀርም በሚል ዓይንዎን ሁላችንም እናከብራለን። እኔና እናቴ ደህና ነን። እኔ ደህና ነኝ ስል ሰባት ፎቅ በእግሬ ወጥቼ ትንፋሼ እስኪመለስ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ ማለቴ ሲሆን፣ እናቴ ደህና ናት ስል ደግሞ ሊፍቱ ከቆመ ጀምሮ ከቤት አልወጣችም ማለቴ ነው።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ እዚህ ቦታ ላይ በማግኘትዎ ቅር እንደማይሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እንደሚያውቁት በዊኪ፣ ማለት እንደ እኛው ገጽ ብዙ ሰው በጋራ እንዲጽፍበት በተሠራ ድረ ገጽ ላይ፣ ከእያንዳንዱ ገጽ ጀርባ «ውይይት» የምትባል ሌላ ገጽ አለች፤ እርስዎ የፊተኞቹን ገጾች ከእርስዎ በቀር ማንም እንዳይነካቸው አድርገው ሲቆልፉ፣ ይህቺ የጓሮ በር ተረስታ ክፍት ቀርታለች። ዓይኔን በጨው አጥቤ በእሷ ገብቻለሁ። ሰው ሁሉ ማንበብ እንዲችል ምንም ቀለም አልቀባሁም፣ ምንም አላደመቅሁም፤ እንደው ባዶ እጇን የመጣች እንግዳ አድርገው ይቁጠሩኝ።

ይህቺ ደግሞ ማን ናት ቢሉ፣ በአውቶቡስ ድርጅት የስምሪት ክፍል የምሠራ፣ የትኛው አውቶቡስ በየትኛው መስመር ከየትኛው ሹፌር ጋር እንደሚወጣ በየማለዳው የምለጥፍ ሴት ነኝ። የምለጥፈውም፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ ልክ እንደ እርስዎው ባለ ዊኪ ላይ ነው። ስለዚህ ስለ ጭረትና ስለ ቅንፍ የምናገረውን ከሰፈር ወሬ የለቀምኩት እንዳይመስልዎ። የእኛ ሹፌሮች ገጹን የሚያዩት ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት፣ በአንድ እጃቸው ስልክ በሌላው የመኪና ቁልፍ ይዘው ነው። ያጌጠ ነገር ብሰጣቸው አውቶቡሱን ይዘው ቤቴ ድረስ ነው የሚመጡብኝ።

ቅሬታዬን ከማቅረቤ በፊት ምስጋና ማስቀደም ወግ ነውና፣ እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ገጻችን ምን ይመስል እንደነበር ሳስታውስ አፍራለሁ። «ሐሙስ ውሃ አይኖርም» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ሰውም አንብቦ ረቡዕ ማታ ውሃውን ያጠራቅም ነበር። እንዲህ ያለ ደረቅ ኑሮ ነበር የምንኖረው። ዛሬ ግን ገጹን የከፈተ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ከቀኝ ወደ ግራ እየተንሸራተተ የሚያልፈውን «እንኳን ወደ ውቡ ገጻችን በደህና መጡ» የሚለውን ጽሑፍ ነው። አራተኛ ፎቅ ያሉት ጡረታ የወጡ መምህር ፊደላቱን ለመከተል አንገታቸውን አብረው ሲያዞሩ ማጅራታቸውን እንደያዛቸው አጫውተውኛል፤ በዚህ ዕድሜያቸው ስፖርት ስላገኙ እሳቸውን ወክዬ አመሰግናለሁ። ውሃው መቼ እንደሚጠፋ ግን አሁን የምናውቀው ቧንቧውን ስንከፍት ነው።

ቅሬታዎቼ እነሆ።

አንደኛ። ከቁጥሩ ከራሱ ልጀምር። በዊኪ ላይ ነገሮችን በተራ ቁጥር ለመደርደር፣ በየመስመሩ መጀመሪያ ያቺን በስልክ ቁልፎች ላይ ከዜሮ ጎን የምትቀመጠውን የፍርግርግ ምልክት ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል፤ ቆጠራውን ማሽኑ ራሱ ይሠራዋል። አንድ ጠባይ ግን አለው። በመስመሮቹ መካከል ባዶ ቦታ ካገኘ፣ የቀድሞው ዝርዝር አልቋል ብሎ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ክቡርነትዎ ደግሞ ከቸርነትዎ ብዛት፣ ጥያቄዎቻችን እንዳይተፋፈጉ ብለው በእያንዳንዳቸው መካከል ባዶ መስመር ሰጥተዋቸዋል። በዚህ የተነሳ በጥገና ጥያቄዎች ገጻችን ላይ የግቢው በር ቀለም አንደኛ ነው፣ የብስክሌት ማቆሚያው አንደኛ ነው፣ የጣሪያው ውሃ ማጠራቀሚያ አንደኛ ነው፣ ሊፍቱም አንደኛ ነው። እንዲህ ያለ እኩልነት እንኳን በሕንፃ፣ በቤተሰብ መካከል እንኳ ታይቶ አይታወቅም። የጥገና ሰዎችም ሁሉም አንደኛ ከሆነ ብለው ደስ ካላቸው ይጀምራሉ፤ ደስ የሚላቸው ደግሞ ሁልጊዜ ደረጃ የማያስወጣው ነው። የግቢያችን በር በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል። እኔም ለአሠራርዎ ካለኝ ክብር የተነሳ ቅሬታዎቼን በእርስዎ አቆጣጠር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ስለ ድምቀት። ጽሑፍን ለማድመቅ ከፊቱ ሦስት፣ ከኋላው ሦስት ነጠላ ጭረት፣ ያቺን ትንሿን የጥቅስ ምልክት፣ ማድረግ ነው፤ ለማዝመም ሁለት ሁለት ይበቃል። በጣም ቀላል ነገር ነው፤ እኛን የጎዳንም ቀላልነቱ ሳይሆን አይቀርም። በመሥሪያ ቤቴ የሚደምቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስመሩ የተቀየረበት አውቶቡስ። ሹፌሩ ደማቅ ነገር ካየ ይነቃል፣ ካላየ በለመደው መንገድ ይሄዳል። በእርስዎ ገጽ ላይ ግን «ክቡራን ነዋሪዎች» ደማቅ ነው፣ «ስለሆነም» ደማቅ ነው፣ «እና» እንኳ ሳይቀር ደማቅ ነው። ሁሉም በአንድ ላይ ሲጮህብን እኛም ጆሮ ዳባ ልበስ ማለትን ለመድን። ይህ አላረካ ሲልዎ ደግሞ በግራና በቀኝ የእኩል ይሆናል ምልክት እየጨመሩ እያንዳንዱን መስመር ርእስ አደረጉት፤ ማሽኑ ርእስ ባየ ቁጥር ማውጫ ውስጥ ይከታልና ማውጫው ከገጹ ረዘመ። ልጆቹ «ጋሽ ደማቁ» የሚሉዎት በዚህ የተነሳ ነው። ትልልቆቹም እንደዚያው ነው የምንልዎት፣ ግን እርስዎ ሲያልፉ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን።

አንደኛ። ስለ ሳጥኑ። በዊኪ ላይ አንድን መስመር በባዶ ቦታ የጀመሩት እንደሆነ፣ ማሽኑ ያንን መስመር በግራጫ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ደግሞ ዳር ሲደርስ ወደ ታች አይወርድም፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ይህ ለአንዳንድ ሥራ ይጠቅማል። እርስዎ ግን አንቀጽ ሲጀመር ትንሽ ገባ ማለት አለበት የሚለውን የትምህርት ቤት ሥርዓት ስለሚያከብሩ፣ ሁሉንም አንቀጽ በባዶ ቦታ ጀመሩት። የጋዝ ሽታ ሲኖር የሚደወልበት ስልክ ያለው እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው። በእኔ ስልክ ላይ የሚታየው የቁጥሩ መጀመሪያ ብቻ ነው፤ ቀሪው ከስክሪኑ ወጥቶ ጎረቤት ገብቷል። ጋዝ ቢሸተን የጀመርነውን ቁጥር ደውለን፣ የቀረውን በጸሎት ለመሙላት ተዘጋጅተናል።

አንደኛ። ስለ መመሪያው። ገጹን ለማስተካከል ፈቃድ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ እርስዎ ያዘጋጁትን «የአጻጻፍና የማስዋብ መመሪያ» አንብቦ፣ በእርስዎ ፊት ተፈትኖ ማለፍ አለበት። ሥርዓት መኖሩን እደግፋለሁና ቁጭ ብዬ አነበብኩት። «ፊደል ለማድመቅ እንደሚከተለው ይጻፉ» ይላል፤ ከሥሩ አንድ ደማቅ ቃል አለ። «ፊደል ለማዝመም እንደሚከተለው ይጻፉ» ይላል፤ ከሥሩ አንድ የዘመመ ቃል አለ። ጭረቶቹ ግን የሉም። የት ሄዱ ብዬ ግራ ገብቶኝ አልቀረሁም፤ ገብቶኛል። ምልክቶቹን እንዳሉ አሳያቸው፣ አትፈጽማቸው ተብሎ ለማሽኑ የሚነገርበት መንገድ እያለ እርስዎ ስላልነገሩት፣ ለምሳሌ ያህል የጻፏቸውን ጭረቶች ሁሉ ትእዛዝ መስለውት ፈጽሟቸዋል። ልብስ ስፌት ላስተምራችሁ ብሎ የተሰፋ ሱሪ እንደማሳየት ነው። ላለፉት ወራት ፈተናውን ያለፈ ሰው የለም፤ አራተኛ ፎቅ ያሉት መምህር ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲፈትኑ ኖረው የወደቁት እዚህ ነው።

እኔም ተፈትኛለሁ። ሳሎንዎ ውስጥ አስቀምጠው ወረቀትና እርሳስ ሰጡኝ፤ መስተንግዶዎ አይረሳኝም። ቃል እንዴት ይደምቃል ለሚለው ጥያቄ ሦስቱን ጭረት ከፊት ከኋላ አድርጌ ጻፍኩ። ወረቀቱን አንስተው ከመመሪያው ጋር ካመሳከሩ በኋላ፣ መመሪያው ላይ የሌለ ነገር ጽፈሻል ብለው ጣሉኝ። ትክክለኛው መልስ ምን ነበር ብዬ ስጠይቅዎ፣ እርሳሱን ጫን አድርገው ቃሉን አወፈሩልኝ። ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ላይ ጭረት በጻፍኩ ቁጥር እጄ ይፈራል።

እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ስቀን ልናልፈው እንችላለን፤ ስቀንም አልፈነዋል። የሚከተለው ግን የእውነት አንደኛው ነው፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሌላውን ሁሉ ቢዘሉት ይህን እንዳይዘሉብኝ አደራ እላለሁ።

አንደኛ። ስለ መስመሩ። በሕንፃችን አንድ ጥሩ ልማድ አለ። የተሠራ ሥራ ከገጹ ላይ አይጠፋም፤ በላዩ ላይ መስመር ይሰመርበታል። ምን ተሠራ፣ ምን ቀረ የሚለውን ሁሉም እንዲያይ ብለን በስብሰባ የተስማማንበት ነው። የሊፍት ድርጅቱም ይህን ያውቃል። ድሮ ሁላችንም በየፊናችን እየደወልን ስናደነቁራቸው፣ እርስዎ ከእንግዲህ ከነዋሪ ስልክ እንዳይቀበሉ፣ ገጹን ብቻ እንዲያዩ፣ የተሰመረበትን እንደተሠራ ያልተሰመረበትን እንዳልተሠራ እንዲቆጥሩ ብለው ደብዳቤ ጻፉላቸው። ጎበዝ ብለን አጨበጨብንልዎ። እኔም ከልቤ አጨብጭቤያለሁ።

መስመሩ የሚሰመረው እንዲህ ነው። ዊኪው ከራሱ ቀላል ምልክቶች ሌላ ኤችቲኤምኤል የሚባለውን፣ በሹል ቅንፍ የሚታቀፈውን ምልክትም ይቀበላል። በሹል ቅንፍ ውስጥ ኤስ የምትባለውን የላቲን ፊደል ሲጽፉ መስመሩ ይጀምራል፤ ያቺኑ ፊደል ከፊቷ እዝባር፣ ማለት ያቺን ያጋደለች ሰረዝ፣ ጨምረው ሲደግሟት መስመሩ ያበቃል። አንዷ ትከፍታለች፣ ሌላዋ ትዘጋለች። የጣሪያው ውሃ ማጠራቀሚያ ተጠግኖ ባለቀ ዕለት እርስዎ የምትከፍተውን ጻፉ። የምትዘጋውን ረሷት። ማሽኑ ምን ያድርግ፤ አቁም ያለው የለምና እስከ ገጹ መጨረሻ ድረስ አሰመረው። ከማጠራቀሚያው በታች ያለው ሁሉ በአንድ ጠቅታ ተሠርቶ አለቀ። የአምስተኛ ፎቅ መስታወት ተገጠመ፣ የደረጃው መብራት በራ፣ ሊፍቱም ተጠገነ። በገጹ ላይ ማለቴ ነው። እኛ ዘንድ መስታወቱም እንደተሰበረ ነው፣ ደረጃውም ድቅድቅ እንዳለ ነው፣ ሊፍቱም በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ መካከል ተሰቅሎ እንደቆመ ነው።

ሰው ይረሳል፤ እኔም እረሳለሁ። አንድ ቀን አንድ አውቶቡስ ወደሌለ ጣቢያ ልኬ መሳቂያ ሆኜ ውያለሁ። ነገር ግን ዊኪ ሌላም መልካም ነገር አለው፤ ማን መቼ ምን እንደነካ የሚያሳይ የለውጥ ታሪክ ለማንም ክፍት ነው። ከፍቼ አየሁት። ከዚያ ዕለት ወዲህ ያንን ገጽ ብዙ ጊዜ ጎብኝተውታል። አንድ ቀን ርእሱን አረንጓዴ አድርገውታል። ሌላ ቀን አረንጓዴው አልተስማማዎት መሰለኝ ወደ ሐምራዊ ለውጠውታል። አንድ ቀን ደግሞ «ሊፍት» የሚለውን ቃል፣ መስመር እንደተሰመረበት፣ አድምቀውታል። በእያንዳንዱ ለውጥ ጎን «ውበት ጨመርኩ» ብለው መግለጫ ጽፈዋል። ይህን ሳይ አንጀቴ እርር ነው ያለው።

ወደ ሊፍት ድርጅቱ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በጣም ትሁት ናት፤ ገጹን ከፍታ አየችልኝና ተሰምሮበታል፣ ስለዚህ ተሠርቷል ብላ እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ። አልተሠራም ስላት፣ መስመሩ ይነሳና በማግስቱ እንመጣለን፣ መለዋወጫውም እጃችን ላይ አለ፣ ነገር ግን በስልክ እንዳንቀበል ከራሳችሁ ማኅበር ደብዳቤ አለን አለችኝ። ልክ ናት፤ ያጨበጨብኩለት ደብዳቤ ነው። የማኅበራችንን ሊቀ መንበር አናገርኩ፤ ቴክኒካል ጉዳይ ውስጥ እጄን አላስገባም አሉኝ። እርስዎን ደረጃ ላይ አግኝቼ ነገርኩዎት፤ ፈገግ ብለው ገጹ ላይ ጻፊው አሉኝ። ገጹ ተቆልፏል አልኩዎት። ፈተናውን ውሰጂ አሉኝ። ወድቄያለሁ አልኩዎት። መመሪያውን ደግመሽ አንብቢው ብለውኝ፣ መልካም ቀን ተመኝተውልኝ ወደ ቤትዎ ገቡ። እርስዎ ቤት ለመግባት በእርግጥ ሊፍት አያስፈልግም።

አሁን ሊፍት የሚያስፈልጋትን ሰው ላስተዋውቅዎ። እማዬ ዳሌዋን ከተሰበረች ወዲህ በምርኩዝ ነው የምትሄደው፤ ሜዳ ላይ ደህና ናት፣ ደረጃ ግን አትችልም። ታላቅ እህቷ፣ እሷ እታለም ነው የምትላት፣ እዚሁ ሕንፃ ምድር ቤት ትኖራለች። አክስቴ ደግሞ ልቧ ደካማ ስለሆነ ሐኪም ደረጃ የሚባል ነገር ከልክሏታል። ሊፍቱ እስኪቆም ድረስ እማዬ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወርዳ እህቷ ጎን ትቀመጥ ነበር። በሬድዮ የሚተላለፍ አንድ ተከታታይ ድራማ አላቸው። አክስቴ ጆሮዋ ከብዷል፤ በአንደኛው ብቻ፣ እሱም ጠጋ ብለው ሲነግሯት ነው የምትሰማው። ስለዚህ እማዬ ድራማውን ሰምታ በዚያ ጆሮዋ በኩል ትተርክላታለች። እንዳለ አይደለም የምትተርክላት፤ ያልወደደችውን ባል ትገድለዋለች፣ ያሳዘኗትን ታስታርቃቸዋለች። በሬድዮ ላይ ያለው ድራማና አክስቴ የምታውቀው ድራማ ከተለያዩ ቆይተዋል።

ሊፍቱ ከቆመ በኋላ በስልክ ሞከሩት። አክስቴ በስልክ የሚሰማት ነገር ስለሌለ ለሁሉም መልሷ እሺ ነው፤ ባልየው ሞተ ስትላትም እሺ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው ስትላትም እሺ። ከዚያ እማዬ በረንዳ ላይ ወጥታ መጮህ ጀመረች። አክስቴ ግቢው ውስጥ ወንበሯን አውጥታ ሽቅብ ታያለች፤ እማዬ ከሰባተኛ ፎቅ ድራማውን ቁልቁል ታወርዳለች። አክስቴ አሁንም አትሰማም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ግን ይሰማል፤ እንዲያውም የሁለተኛ ፎቅ ሰዎች ትናንት ያመለጠንን ክፍል ድገሚልን እያሉ መልእክት ይልኩባታል። ሲያልቅ ሁለቱም እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እማዬ ድምፅዋ ተዘግቶ ትገባና ሰምታኛለች ወይ ብላ ትጠይቀኛለች። ሰምታሻለች እላታለሁ።

ክቡር ሆይ፣ አክስቴ ቅዳሜ ጠዋት ትሄዳለች። ብቻዋን መኖሯ ያሳሰበው ልጇ ካለበት ከተማ አብራው እንድትኖር ወስኗል፤ አይፈረድበትም። ለጥየቃ አይደለም የምትሄደው፤ ቤቷን አስረክባ፣ ዕቃዋን አሽጋ ነው። በዚህ ዕድሜያቸው ከዚያ ወዲያ መገናኘታቸውን እንጃ። እናቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ወርዳ፣ በዚያ በሚሰማው ጆሮ በኩል ተቀምጣ፣ የምትላትን ብላት መመለስ። ምን እንደምትላት አልነገረችኝም። ድራማውን እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

ዛሬ ረቡዕ ነው። መስመሩ ዛሬ ወይም ነገ ከተነሳ የሊፍት ሰዎቹ እስከ ዓርብ ይመጣሉ፤ ልጅቷ ቃል ገብታልኛለች፣ ሥራውም ግማሽ ቀን አይፈጅም ብላኛለች።

ጎረቤቶቻችን ደጎች ናቸው። ወንበር ላይ አስቀምጠን እናውርድሽ ብለው መጥተው ነበር። እማዬ እንደ ቁም ሣጥን ተሸክማችሁ አታወርዱኝም፣ በዚያ ጨለማ ደረጃ አንዳችሁ ብትወድቁ ለእናታችሁ ምን እላለሁ ብላ መለሰቻቸው። ይልቅ የራሷን ዕቅድ አውጥታለች። መስመሩ ካልተነሳ፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ እንደ ሕፃን በመቀመጫዋ እየተንሸራተተች አንድ በአንድ ትወርዳለች። በየፎቁ ታርፋለች። እኔ ከፊቷ ሆኜ የእጅ ባትሪ አበራላታለሁ። ሐሳቧን እንድትተው ብዙ ለምኛታለሁ፤ ቀሚሱን እንኳ መርጣ አስቀምጣለች፣ አቧራ የማያሳየውን።

ስለዚህ አንዲት ትንሽ ነገር እለምንዎታለሁ። ምድር ቤት ከመድረሷ በፊት የመጨረሻ ማረፊያዋ አንደኛ ፎቅ ነው፤ እዚያ ያለው በር ደግሞ የእርስዎ ነው። እባክዎን ቅዳሜ ማለዳ በርዎ ላይ አንድ ወንበር ያውጡላት። መደገፊያ ያለው ቢሆን ደስ ይለኛል። እዚያ ስትደርስ ትንፋሿ ያጥራል፤ ግን ሰው አክባሪ ናትና እንደምን አደሩ ትልዎታለች። እርስዎም አጠገቧ ቆመው፣ ሊፍቱ መጠገኑን ከገጹ ላይ ሊያሳዩዋት ይችላሉ። መነጽሯን ይዤላት እመጣለሁ።

ከሥራ መልስ፣ ማንም ሳይከፍልዎ፣ ለእኛ ብለው ተቀምጠው ስለሚደክሙት ድካም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ይህቺን እንኳ ያለ ሽሙጥ ነው የምለው፣ እንደ እርስዎ ጊዜውን የሰጠን ሰው የለምና። ስላወፈሩልን ቃላት፣ ስላዘመሙልን ዓረፍተ ነገሮች፣ ስለቀቡልን ሐምራዊና አረንጓዴ፣ ሳይሠራ ስላለቀልን ሥራ ሁሉ ውለታዎን የምንመልስበትን አቅም ይስጠን። ጭረትዎ አይለቅብዎ፣ ቀለምዎ አይንጠፍብዎ፣ የከፈቱት ሁሉ ይዘጋልዎ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ካጠረ ትንፋሽ ጋር እሰናበትዎታለሁ።

የሰባተኛ ፎቅ ነዋሪ፣
የአውቶቡስ ስምሪት ሠራተኛ፣
የማስዋብ ፈተና ወዳቂ፣
የበረንዳዋ ተራኪ ልጅ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የጎደለችውን ምልክት ፍለጋ እንዳይቸገሩ በቃላት ጽፌልዎታለሁ፤ ምልክቷን ራሷን ብጽፋት እንደ መመሪያዎ ሁሉ ገጹ ይውጥብኛል። የሚከፍት ሹል ቅንፍ፣ እዝባር፣ ኤስ፣ የሚዘጋ ሹል ቅንፍ። ቦታዋ «ማጠራቀሚያ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ነው። ማድመቅ አያስፈልጋትም።

ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ለእማዬ አነበብኩላት። ፈተናው ላይ ስደርስ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ይከፋዋል ብላ ብዙውን አስወጣችኝ፤ ከዚህ የባሰ ነበር። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ጨምሪልኝ አለችኝ። በሽሙጥ አይደለም፣ ከልቧ ነው የምትጠይቅዎ፦ እናትዎ በሕይወት አሉ ወይ፣ ካሉስ ስንተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት?